ስልክ ቁጥርን ሳያጠፉ የማጥፋት ጥበብ

ሲም ካርዱን በገዛሁ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ አንዲት ሴት ደውላ «ጀልባዋ ስንት ሰው ትጭናለች?» አለችኝ። ተሳስተሻል አልኳት። በዚያው ሳምንት አራት ሰዎች ተሳሳቱ። ነገሩ የገባኝ ቁጥሬን ራሴ ጎግል ላይ ስፈልገው ነው። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ኖሯል። ቁጥሩ ተዘግቶ ከርሞ ለእኔ ተሸጠ፤ ዝናው ግን ከነጀልባው ኢንተርኔት ላይ ቀረ። ይኸው ዛሬ መቅዘፊያ በእጄ ሳልነካ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ጠዋት እንደሚሻልና ከሰዓት በኋላ ጣና እንደሚናወጥ ለደወለው ሁሉ አስረዳለሁ።

ቁጥሩን ከኢንተርኔት ለማስወጣት ሁለት ዓመት ደከምሁ፤ አልወጣም። በመካከሉ ግን ቁጥር እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ጥበብ ጠንቅቄ ስለተማርሁ ለሚሻ ሁሉ በነጻ አስተምራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አዋጅ ያስነግሩ። ፌስቡክዎን ይክፈቱና «ይህ ቁጥር የግሌ ነው፤ እባካችሁ አትደውሉ» ብለው አሥሩንም አኃዝ ይጻፉ። ለሁሉም ክፍት ያድርጉት፤ «ሼር በማድረግ ተባበሩኝ» ማለትንም አይርሱ። እኔ አድርጌዋለሁ። ወዳጅ ዘመድ ከልቡ ተባበረኝ። በሳምንቱ ቁጥሩን ስፈልገው ከድሮው የጀልባ ገጽ ጎን የእኔ ልመናም ተሰልፎ ጠበቀኝ።

በዚህ ሙያ ሊቋ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ባርብራ ስትራይሳንድ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የባሕር ዳርቻ ቤቷን የሚያሳይ ፎቶ ከኢንተርኔት ይውረድልኝ ብላ 50 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቃ ከሰሰች። ከክሱ በፊት ፎቶው የወረደው 6 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከስድስቱ ሁለቱን ያወረዱት የራሷ ጠበቆች ናቸው። ወሬው ሲሰማ በአንድ ወር ውስጥ ከ420 ሺህ በላይ ጊዜ ታየ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ስፔናዊው ማሪዮ ኮስቴሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ጋዜጣ ላይ የወጣ የዕዳ ሐራጅ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር አይምጣብኝ ብሎ ተሟግቶ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጎግልን ረታ። «የመረሳት መብት» በየሕግ ትምህርት ቤቱ ሲነሣ የሚጠራው የእሱ ስም ነው። ከስፔን ስንት አገር ርቄ፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ፣ ዕዳ እንደነበረበት አውቃለሁ።

ቀጥለው ለጎግል ይጻፉ፤ ለጎግል ብቻ። ጎግል ባለቤት አይደለም፣ ደላላ ነው። «የሚከራይ ቤት አለ» እያለ ጥግ የሚቆመውን ደላላ ቢያባርሩት ቤቱ አይፈርስም፤ ሌላ ደላላ ሰው ይዞ ይመጣል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ስልክ፣ ኢሜይልና የመኖሪያ አድራሻ ከፍለጋ ውጤቱ እንዲወጣ ማመልከቻ ይቀበላል። ቢፈቅድልዎም ከፍለጋው ይወጣል እንጂ ገጹ በቦታው ነው። ስለዚህ ለገጹ ባለቤት ከቶ እንዳይጽፉ። ሰውዬው ቅን ሆኖ ቢያጠፋልዎ ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ጎግል ያረጀ ውጤቱን እንዲያድስ የሚጠየቅበት ቅጽ ስላለው ጉዳዩ እልባት ሊያገኝብዎ ይችላል። ለጎግል ማመልከቻውን ሲጽፉ ደግሞ የገጹን አድራሻ በመላክ ፈንታ የፍለጋውን ገጽ አድራሻ ይላኩ። እኔ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ሁለቴም ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ሲፈልጉም በአንድ አጻጻፍ ብቻ ይፈልጉ። ቁጥሩን በ09 ከጀመሩ በ251 አይሞክሩት፤ በየመካከሉ ክፍት ቦታ ያለውንም ይተዉት። ስምዎ ኃይለ ሥላሴ ከሆነ በተለይ እድለኛ ነዎት። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ሥ ሁለት መልክ አለው፤ ሴም ሁለት። ሃያ አራት ኃይለ ሥላሴዎች ሆኑ፤ ገጥመው የሚጽፉት ሲታከሉ አርባ ስምንት። አንዱን አጥፍተው አርባ ሰባቱን ከነስልካቸው ይተዉላቸው። የላቲኑን አጻጻፍ አልቆጠርሁትም፤ ዕድሜ አይበቃም።

ስለ ቅጂዎች የሚያስተምረን ራሱ ሐይቁ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ወጣቱ በዘመቻ መጥቶ ነቅሏል። ተቆርጣ የቀረች ቅንጣት ግን መልሳ ታቆጠቁጣለች፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። የእኔን ቁጥር ያወጣው የመጀመሪያው ገጽ ከተዘጋ ቆይቷል። ከእሱ የገለበጡ ሦስት ገጾች ግን ለምልመዋል፤ አንደኛው የጀልባዋን ዋጋ እንኳ አሻሽሎታል፤ በምን ሥልጣን እንደሆነ እንጃ። እርስዎ አንዱን ይንቀሉና ወደ ቤትዎ ይግቡ። ተመልሰው እንዳያዩ።

ትሩኮለርንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስቶክሆልም ውስጥ የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ደዋዩ ማን እንደሆነ ይነግርዎታል። ብዙዎቻችን ጋ ከሐኪም ማስረጃ በላይ ይታመናል። እኔ እዚያ ላይ «ጀልባ ዘጌ» ነኝ። ላገባት የነበርኩት ልጅ አባት መጀመሪያ የደወልኩላቸው ቀን ጠርጥረውኝ አላነሡም። ከዝርዝሩ ለመውጣት፣ አካውንት ያለው ሰው አካውንቱን ዘግቶ በድረ ገጻቸው ላይ ቁጥሩን ማስወጣት ይችላል። እርስዎ ይህን አያድርጉ። ይልቅስ «እኔ አለሁበት ይሆን?» ብለው መተግበሪያውን ይጫኑና የሚጠይቅዎትን ፈቃድ ሁሉ ሳያነቡ እሺ ይበሉ።

ሕግ አለ የሚልዎት ሰው ቢመጣ አይስሙት። የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዬ ይሰረዝልኝ ለማለት መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠልጣኞችን ስምና ስልክ በሙሉ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ሲያጋጥምዎ ግን አዋጁን አይጥቀሱ። የእርስዎ ስም ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ ቀይ አስምረውበት ያጋሩ።

የመጨረሻው ምክር፦ ጥቆማ ካቀረቡ በኋላ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቁ።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። መስከረም 29 እና 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ ፎቶአቸው፣ የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቦታ ከውንጀላ ጋር ተለጠፈ። ልጃቸው አብርሃም ደጋግሞ ለኩባንያው ጥቆማ ሰጠ። ጥቅምት 24 ቀን አባቱ በዚችው ከተማ፣ በቤታቸው ደጃፍ፣ በጥይት ተገደሉ። የኩባንያው መልስ፣ አንዱ ጽሑፍ ደንብ መጣሱን የሚገልጸው፣ የደረሰው ከግድያው ከስምንት ቀን በኋላ እንደሆነ ልጃቸው ይናገራል። አብርሃም ከሌሎች ከሳሾች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. እችላለሁ አለ።

እኔን ሰው የሚያስቸግረኝ ስለ ጀልባ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ስድስት ሆነው ዘጌ ሊሄዱ ነው። ጀልባ እንደሌለኝ ነገርሁት።

«እሺ ወንድሜ፣ ጀልባ ያለው ሰው ስልክ ስጠኝ።»

አንድ አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ነው፤ ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ።

«መጀመሪያ እሱን ልጠይቀውና መልሼ ልደውልልህ» አልሁት።

«ለስልክ ቁጥር? ጎግል ላይ አገኘዋለሁ» ብሎ ዘጋው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያው ቁጥር መልሶ ደወለልኝ።