ሴፍቲ ባለው ግቢ ስለሚነሣ ሽታ፦ የምንጩ፣ የተጠርጣሪዎቹና የመድኃኒቱ ጥናት

በአዲስ አበባ ብዙው ግቢ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ቃሊቲ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ እንዳለ ነዋሪው ከዜና ይሰማል፤ የራሱ ቤት ፍሳሽ ግን ቃሊቲን ሳያይ፣ መኪና ማቆሚያው ሥር በተቀበረው ሴፍቲ ታንከር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጉድጓድ የሚጻፈው ከጤና፣ ከከርሰ ምድር ውሃና ከከተማ ፕላን አንጻር ነው። አመሻሽ ላይ፣ እንግዳው ሳሎን ከተቀመጠ በኋላ፣ በኮሪደሩ በኩል ቀስ ብሎ ስለሚመጣውና በቤቱ ሰዎች ዘንድ እንደሌለ ስለሚቆጠረው ሽታ ግን ምሁራን ዝምታን መርጠዋል። ይህ ጥናት ዝምታውን በትሕትና ይሰብራል።

አጥኚውን በመጀመሪያ የሚገጥመው የመለኪያ ችግር ነው። የሰው አፍንጫ አንድ ሽታ ጥቂት ደቂቃ ከቆየበት ይለምደውና ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ምስክርነት አያገለግልም፤ «እኛን እኮ አይሸተንም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። የቀረው የመረጃ ምንጭ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይሉኝታ አለው። ሽታው ሲደርስበት የነጠላውን ጫፍ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ «ዛሬስ አየሩ ከበድ ብሏል» ይላል፣ ቶናው ሳይቀዳ ልጆቹን ብቻቸውን ትቶ መምጣቱ ትዝ ይለዋል። ባለቤቲቱም «ምነው፣ በረካውን እንኳ ሳትጠጣ!» እያሉ እስከ ውጭ በር ይሸኙታል። እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። በሁለቱ መካከል የተላለፈው መረጃ ግን ባዶ ነው።

እስካሁን አስተማማኝ ሆነው የተገኙት ከክፍለ ሀገር የሚመጡ አክስት ናቸው። በሩን አልፈው ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ «ውይ! ምን ሞቶባችሁ ነው?» ይላሉ። ንባቡ መወሰድ ያለበት እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። አክስት ከተሳሙ፣ ከተቀመጡና እጣን ከተጨሰላቸው በኋላ የሚሰጡት ውጤት ከነዋሪዎቹ አይለይም።

የሽታውን ምንጭ በተመለከተ በየቤቱ ከሚሰነዘሩት ማብራሪያዎች ቀዳሚው «የጎረቤት ነው» የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ ማስረጃ አይሻም፤ የሚሻው ጎረቤቱ በአካባቢው አለመኖሩን ብቻ ነው። ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ተመሳሳይ ግኝት ላይ ደርሷል። ቀጥሎ «አይጥ ሞታ ነው» ባዮች አሉ። እነዚህ ፍሪጅ ይጎትታሉ፣ ቁም ሣጥን ያነሣሉ፣ ኮርኒስ ያስፈታሉ። አይጧ ብዙውን ጊዜ አትገኝም፤ ከተገኘችም በሕይወት ናት። የእጣንና የሰንደል ወገኖች ደግሞ ስለ ምንጩ ክርክር ውስጥ አይገቡም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምናው ይሄዳሉ። ከሕክምናው በኋላ ሽታው እንዳለ ነው፤ ሳሎኑ ግን እጣን የተጨሰበት ሽንት ቤት ሆኗል።

የበረኪና ወገን በቁጥርም በቆራጥነትም ከሁሉም ይበልጣል። ዘዴው ጠረን በመጣ ቁጥር በረኪና በየቀዳዳው መድፋት ነው። ሴፍቲው ውስጥ ቆሻሻውን እየበሉ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በጄሪካን የሚወርድባቸውን በረኪና ስለማይችሉት ያልቃሉ፤ ቆሻሻው ሳይበላ ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ ሽታው ይበረታል፤ በረኪናም ይጨመራል። በረኪናው አልበቃ ሲል የሽንት ቤት አሲድ የሚደርብበት ሰው አለ። የሁለቱ ድብልቅ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ያን ጊዜ ስለ ሽታው የሚያስብ አይኖርም፤ ሁሉም እያሳለ ደጅ ወጥቷል።

ይህ ወገን የከበረ የዘር ሐረግ እንዳለው መካድ አይቻልም። በ1858 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ለንደን ላይ ሙቀቱ በረታና የከተማው ፍሳሽ የሚደፋበት የቴምዝ ወንዝ መሽተት ጀመረ። ፓርላማው ወንዙ ዳር ነው። የተከበሩ አባላት የምክር ቤቱ መጋረጃዎች በክሎሪንና በኖራ ውህድ እንዲነከሩ አደረጉ፤ ውህዱ ከእኛ በረኪና ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። መጋረጃው አልረዳም። ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የፍሳሽ ጉዳይ ያን ጊዜ በ18 ቀን ሕግ ሆኖ ወጣ፤ ኢንጂነር ጆሴፍ ባዛልጌትም ቱቦውን እንዲቀብር ገንዘብ ተፈቀደለት። ሽታው ድሆቹ ሰፈር ብቻ በነበረበት ጊዜ ረቂቁ ይህን ያህል አልተጣደፈም ነበር።

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር ሳይሹ ሲሠሩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። አየሩ ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ እንኳ ሳይይዝ አፍንጫ ይለየዋል። መጠኑ ከሚሊዮን እጅ ወደ መቶ እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይገድላል። ስለዚህ ሴፍቲ ውስጥ የወረደ ሰው «ሽታው ጠፋ» ካለ ምሥራች አይደለም። እሱን ሊያወጣ ተከትሎት የሚወርደውም ሰው ብዙውን ጊዜ አይወጣም። በዚህ ነጥብ ላይ ጥናቱ ቀልድ አያውቅም፤ ክዳን ከፍቶ መግባት የማንም የቤት ሰው ሥራ አይደለም።

ታዲያ በዚህ ጉድጓድና ቡና በሚጠጣበት ሳሎን መካከል የቆመው ምንድን ነው? አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። ሌላ ምንም የለም። ከእቃ ማጠቢያው፣ ከሽንት ቤቱ መቀመጫና ከወለሉ ቀዳዳ ሥር ቱቦው ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ ያች ውሃ ጋዙን ትዘጋለች። ሠራተኞቻችን ሲፎን የሚሉት ይህንኑ ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. ይህን የታጠፈ ቱቦ ከሽንት ቤት መቀመጫ ጋር አያይዞ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል የለንደን ሰዓት ሠሪ ነው። ውሃዋ ካለች ቤቱ ይከበራል፤ ከደረቀች መንገዱ ክፍት ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ሴፍቲ ያባውን ግን ደረቅ ሲፎን።

ሲፎን የሚደርቀው ውሃ ሳይፈስበት ሲቀር ነው። እንግዲህ በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ውሃ የማይፈስበት ክፍል የትኛው ነው?

የእንግዳው መታጠቢያ ቤት ነው። ይህ ክፍል ከሳሎኑ ቀጥሎ ይገኛል። ሴራሚኩ ከሌላው ክፍል ይሻላል። ነጭ ፎጣ ተሰቅሏል፣ መለያው አልተነሣም። ሳሙናው ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ነው፣ ወረቀቱ አልተቀደደም። ልጆች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ሠራተኛዋ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች፤ በሩ ይቆለፋል። እንግዳ ደግሞ በይሉኝታው ምክንያት «ሽንት ቤት የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ የወለሉ ሲፎን ውሃ በሳምንታት ውስጥ ተንኖ ያልቃል። ከበስተጀርባ ያለው፣ ቀለሙ የተላጠው፣ ባልዲና ጄሪካን የሞላው፣ ስድስት ሰው የሚራጭበት መታጠቢያ ቤት ምንም አይሸትም። በውሃ ፈረቃ ሰሞን እንኳ በጆግ ይደፋበታልና ሲፎኑ አይደርቅም። የቤቱ ክብር የተቆለፈበት ክፍል ግን ሌት ተቀን ከሴፍቲው ጋር አየር ይለዋወጣል።

የሻወሩን ወለል ክዳን አንሥቶ ለተመለከተ ሰው አንድ ተጨማሪ ግኝት አለ። ከክዳኑ ሥር የተደፋች የፕላስቲክ ኩባያ መኖር ነበረባት፤ ከንፈሯ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ጋዙን የምትዘጋው እሷ ናት። ኩባያዋ ፀጉርና ሳሙና ትሰበስባለች፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ይነቅላታል። ውሃው ሽው ብሎ ይወርዳል፤ ጎበዙ ይመረቃል። ኩባያዋ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጠገብ ትቀመጣለች። የሚጥላት የለም፤ የሚመልሳትም የለም። ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል፣ ሳፋም ይደፋበታል።

ስለ መተንፈሻው ቱቦ ጥቂት ቃል። ጉድጓዱ የሚተነፍሰው ከጣሪያ በላይ መውጣት ባለበት ቀጭን ቱቦ ነው። ኮንትራክተሩ አንድ ፒቪሲ ለመቆጠብ ሲል ኮርኒስ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ካላስቀረውም ከፎቁ መስኮት ፊት ለፊት ያቆመዋል። የፎቁ ሰው በፌስታልና በሽቦ አፉን ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ላይ ቤት ውሃ በለቀቀ ቁጥር ቱቦው የሚያጣውን አየር ከታች ቤት ሲፎን ይጎትታል፤ ጉርጉር የሚለው ድምፅ ያ ነው፤ ውሃዋም አብራ ትሄዳለች። ፌስታሉን ያሰረው ሰው የ«ጎረቤት ነው» ወገን መሪ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሴፍቲውን ራሱን መመርመር የፈለገ አጥኚ የት እንዳለ መጠየቅ ይኖርበታል። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ለቤቱ ያሠራውን ጉድጓድ ከዓመታት በኋላ አስከፍቶ ሲያየው ደረቁ ቆሻሻ አብዛኛው ሟሙቶ አገኘ፤ በ1881 የፈጠራ መብት ወሰደበት። በእኛ ግቢ ሙራን የሚተካ አልተገኘም። ክዳኑ ላይ ቴራዞ ተነጥፏል፤ ጤና አዳም የተተከለበትም አለ። ቤቱን የሸጡት ሰውዬ «ከበሩ በስተግራ» ብለው ነበር፤ የትኛው በር እንደሆነ ሳይናገሩ አርፈዋል። በተከራየ ቤት ደግሞ ማስመጠጡ የማን ነው የሚለው ሳይፈታ መስከረም ይጠባል። በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ዝቃጩን ማስወጣት ተገቢ ነው ይባላል፤ የቦሌና የአቃቂ መረሬ አፈር ውሃ ስለማይመጥ እዚያ ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል። በክረምት የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ሴፍቲው ያስገባ ሰው ውጤቱን ሐምሌ ላይ ግቢው ውስጥ ያገኘዋል።

በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ወጣት ነው፤ ገብቶ ያሸታል፣ ይንበረከካል፣ በስልኩ መብራት ያያል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲፎኑ ደርቆ ነው። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ሴራሚኩን አትሰብረውም?»

«ከፈለጉ እሰብራለሁ።»

ሁለት ጆግ ውሃ ይደፋል። ባለቤቱ የመጓጓዣውን ሰጥተው ይሸኙታል፤ ግን ልባቸው አላረፈም። ይህን ያህል ጊዜ ያስጨነቀ ነገር በጆግ ሊድን አይችልም። ሌላ ሠራተኛ ያስመጣሉ። ሁለተኛው ሦስት ሴራሚክ ይሰብራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲሚንቶ ያስገዛል፣ መልሶ ይገጥማል፣ ሲጨርስም ፍርስራሹን በባልዲ ውሃ ያጥባል። ሲፎኑ እንደገና ጢም ይላል። «ይሄ ነው ባለሙያ» ተብሎ ስልክ ቁጥሩ ለዘመድ ይታደላል።

ጥናቱ ያቀረበው ምክረ ሐሳብ አጭር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእንግዳው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አንድ ጆግ ውሃ ይደፋ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆለፍ ከሆነ ውሃው ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ይጨመር፤ ዘይቱ ስለሚሰፍፍ ትነቱን ያዘገያል፤ ኩባያዋም ከመስኮቱ ወርዳ ትመለስ። ቤተሰቡ ሐሳቡን ተወያይቶበት በሁለት ማሻሻያዎች አጽድቆታል፤ ውሃ የሚደፋው ሰው ጫማውን አውልቆ ይግባ፣ ፎጣውንም አይንካ። ቁልፉ ያለው እማማ ቦርሳ ውስጥ ነው። እማማ አራስ ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሄደዋል፤ ስድስት ወር ይቆያሉ።