ሽቦ እንኳ በወጉ የማይጠመዘዝበት ዘመን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር አባቶቻችን። የዛሬው ጉድ ግን መስከረምን የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም፤ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው። እኩዮቼ፣ ደረጃ ባያችሁ ቁጥር ጉልበታችሁ የሚያቃስት ሁሉ፣ እስቲ ፍረዱኝ፦ ሁለት ሽቦ ለመቀጠል “በየትኛው ዘዴ ይሁን?” ተብሎ ሰው ይጠየቃል? ምርጫ ለእድር ዳኛ ነው እንጂ ለሽቦ ምን ይሠራል?

በእኛ ጊዜ ዘዴው አንድ ነበር። ላስቲኩን በጥርስህ ትገፋለህ (ያኔ ጥርስ ነበረን)፣ ሁለቱን ጫፍ አቆላልፈህ በፒንሳ ትጠመዝዛለህ፣ ናስትሮ ትጠቀልልበታለህ፣ ግድግዳው ውስጥ ትመርገዋለህ፣ አለቀ። በእርግጥ አለቃዬ ነፍሳቸውን ይማርና ካልተበየደ አልተቀጠለም እያሉ ካውያና ሊድ ያስይዙን ነበር። የማዶ ሰፈሩ ባለሙያ ደግሞ ብየዳ የሰነፍ ነው፣ ወጉ እንደ ቴሌግራፍ መስመር ሠራተኞች አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አምስት ስድስት ዙር አጥብቆ መጠቅለል ነው ይል ነበር። ሦስተኛው ሞርሴቶ የሚሉትን ባለብሎን ይዞ ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይሰድቡታል። በዚህ ነገር ተኳርፈው ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ የተሰጣጡ ሰዎች አውቃለሁ። ብቻ ዘዴው አንድ ነበር።

የጥፋቱ ሥር ከሩቅ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ገደማ ዊልያም ማር የሚባል ሰው ካናዳ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚያያይዝ መግጠሚያ ፈለሰፈ። ነገሩ እየባሰ ሄዶ ዛሬ ሰሜን አሜሪካ በየቤቱ ሽቦው ላይ የሚጠመዘዝ የላስቲክ ቆብ ሆኗል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ሲፈታ ቀይና ቢጫ ቆብ ተደርድሮ አግኝቶ ፎቶ ላከልኝ። ሽቦ ቆብ ምን ያደርግለታል? ብርድ ይመታዋል?

አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ፣ ተምሬ ኤሌክትሪሺያን ሆኛለሁ የሚለው፣ ከኪሱ ብርቱካናማ ማንሻ ያላት ሚጢጢ ነገር ያወጣል። ላስቲኩን 11 ሚሊ ሜትር ይልጣል፤ በማስመሪያ ለክቶ! ማንሻዋን ቀጭ፣ ሽቦውን ስክት፣ እንደገና ቀጭ፤ “ጨረስኩ ጋሼ፣ 32 አምፔር ትችላለች፣ ውስጧ ያለው ሞላ ሽቦውን ጨብጦት ይኖራል” ይላል። ሥራ እኮ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈጃል! ይህ ሁሉ ጥድፊያ ወዴት ለመድረስ ነው? ቀጥሎ ደግሞ የቤቱን መገጣጠሚያ በሙሉ ካላየሁ ብሎ አመሸና እራት በሻማ በላን። እኔ ብሆን በሁለት ደቂቃ ጠምዝዤ እነሳ ነበር።

ስብከቱስ! “ጋሼ፣ የሚቃጠለው ሽቦው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው። ከላላ ኮረንቲው የሚያልፍበት ይጠበዋል፣ ይሞቃል፤ የሞቀው ደግሞ የባሰ ይላላል። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል።” ልጄ፣ እኛ ቤት እንጀራ ሲጋገር ላስቲክ ላስቲክ መሽተቱን አንተ ነህ የምትነግረኝ? ልጆቼ ሁሉ ያደጉት በዚያ ሽታ ነው። ገና ሲሸታቸው ከጨዋታ ሮጠው ይመጡ ነበር። እስቲ የትኛው ማንሻ ነው እንዲህ ቤተሰብ የሚሰበስብ?

መዳብና አሉሚኒየም አታጣምዱ ይላል ደግሞ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ፣ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ መግጠሚያ አለ። ድሮ ሰው ከሰው፣ ሽቦ ከሽቦ አይመርጥም ነበር! ከምሰሶ የመጣውን አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር እናጋባዋለን፤ ክረምት ሲገባ ይጠፋል፣ ጎረቤት መሰላል ይዞ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። አሁን መብራቱ አይጠፋም፣ ጎረቤትም አይመጣም። የተበየደ ጫፍ በሞርሴቶ ብሎን ሥር አይታሰርም፣ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ እየተኛ ብሎኑ ይላላል ይለኛል። ታዲያ እኛ ካቻቢቴ ይዘን በየቤቱ እየዞርን ስናጠብቅ የኖርነው ለምን መሰለው? መጠያየቂያችን ነበር። ለሚንቀጠቀጥ ነገር፣ ለመኪና፣ ሽቦውን በመዳብ ቱቦ አጥልቆ በልኩ ፒንሳ መጨፍለቅ ነው የሚበጀው ይላል። የእኛ መኪና ስትንቀጠቀጥ ወርደን እንገፋት ነበር እንጂ ሽቦዋን ማን ያየዋል!

ከሁሉ ያናደደኝ ግን መገጣጠሚያ ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም፣ ስካቶላ ውስጥ ሆኖ ክዳኑ የሚከፈት መሆን አለበት ማለቱ ነው። እኛ ቀብረን ነው የኖርነው። ሲበላሽ ግድግዳውን ሦስት ቦታ ፈርፍረን እናገኘዋለን፤ በዚያውም ቤቱ ይታደሳል። አሁን በየጥጉ ነጭ ክዳን ያፈጥብኛል።

እሳትስ? አልፎ አልፎ ብቻ ነበር፣ እሱም ለሰፈሩ መተዋወቂያ ሆነ እንጂ ማንን ጎዳ? ኮረንቲው ራሱ ጨዋ ነበር። በጣልያን የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጣልን ኮረንቲ፣ ላልቶ የተጠመዘዘ ሽቦ ቢያጋጥመው ይቅር ብሎ የሚያልፍ ነበር። የዛሬው ቂመኛ ነው።

መርካቶ ወርጄ ናስትሮ ስጠኝ ብለው ባለሱቁ “ፋዘር፣ የቱን ቀለም?” አለኝ። ናስትሮ ቀለም አለው? ናስትሮ ጥቁር ነው!

ስለዚህ እኩዮቼ፣ ፒንሳችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ማንም ማስመሪያ ይዞ ቢመጣባችሁ ወጋችሁን አትልቀቁ፤ ሳሎኑንም ኩሽናውንም እንደ ጥንቱ ጠምዝዛችሁ ኑሩ። የእኔን መኝታ ቤት በዚያች በብርቱካናማዋ ማስገጠሜን የሚያወሩ አሉ። እውነት ነው፣ አስገጥሜያለሁ። ያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የምተኛው እኔ ነኛ!