መኪና ለመግዛት ቤት ይዘው ይምጡ

ባንኮቻችን ደግ ናቸው። መኪና ያማረውን፣ ኪሱ ግን ለሚኒባስ ታሪፍ እንኳ የሚያመነታውን የካዛንቺስ ልጅ አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቁታል፦ ቤት አለህ? የለውም። ያደገበት የቀበሌ ቤት በ2017 ለኮሪደር ልማት ተነሥቷል። ለመያዣ የሚያሳየው በቦታው የተነጠፈውን አስፋልት ነው፤ እርግጥ ለመንዳት ይመቻል።

ሕጉም አዛኝ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ ይሆናል ይላል። ስለዚህ መኪና ለመግዛት ሌላ መኪና ማስያዝ ይቻላል።

ቤት ያለው ጎረቤቱም አልቀናውም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ አጠረው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ እዚሁ የቀረችው አሮጌ ቪትዝ ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ከባለቤቷ ደመወዝ በፍጥነት ያድጋል።

ብድር ያበላሸ ሰው ስሙ ብሔራዊ ባንክ ቋት ውስጥ ይገባል። ይህ ቀላሉ ነው። እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው መዝገብ ግን ያለው ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እሷ ዘንድ ይርጋ የሚባል ነገር የለም።

ደላላው ብቻ ተስፋ አይቆርጥም። «ብራዘር፣ ግማሹን ቅድሚያ ትከፍላለህ፣ ሌላውን ቀስ እያልክ። እስከዚያ ሊብሬው ሻጩ ጋ ይቀመጣል።»

«ግማሹን ከየት ላምጣ?»

«እቁብ ግባ!»

«ዋስ ይሉኛላ።»

«መኪና ያለው ሰው አታውቅም?»