የኩሽኔታው መርዶ

ክፉ ወሬ ይዞ መጥቶ ወሬውን በከንፈሩ ዳር እያመላለሰ፥ ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ እየጠየቀ የሰሚውን ልብ ቀስ በቀስ የሚያደርቅ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያናድደኛል፤ ስለዚህም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት መካኒክ በዚህ ጠባይ ሁሉን የሚያስንቁ ሆነው ሳሉ፥ መናደድ ሲገባኝ ስለ ምን ደስ እንዳለኝ እስከ ዛሬ እመረምረዋለሁ።

መኪናችን ባለ ሁለት ሊትር ተኩል የናፍጣ ሞተር፥ አሮጌ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ነበር። 300 ቲዲአይ በሚባለው በዚህ ሞተር ላይ ፋኑ የሚሽከረከረው እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በውሃ ፓምፑ ዘንግ ሳይሆን ለብቻው በተመደበለት ኩሽኔታ ነው፤ ይህ ኩሽኔታ ሲያረጅ ውሃ አይፈስም፥ የማስጠንቀቂያ መብራትም አይበራም፥ ሕመሙን የሚናገረው በድምፁ ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥተን ዳገቱን ስንይዝ፥ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር የሚያጓራ፥ ሲለቀውም የሚያቃስት ድምፅ ከኮፋኖው ሥር ይሰማ ጀመር። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ባበረደልን ነበር፤ ከፊታችን ያለው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወዳለው ወደዚያ በር እያዘገመ የሚወጣ የናፍጣ መኪና ያለ ፋን ሳይፈላ አይደርስም።

ጋራዡ ከቆሎ ሻጮቹ ጀርባ የቆመ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ባለቤቱ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፥ በኋላ ግን የዓለሙን ሥራ መርጠው እጃቸውን ለግራሶ የሰጡ፥ ቱታቸው ጠቁሮ ጥምጥማቸው እንደነጣ የሚኖር ሽማግሌ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። ኮፋኖው ሳይከፈት የእያንዳንዳችን ጤንነት፥ የደሴ ብርድ፥ የወሎ አዝመራ በየተራው ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ «ገና ዕዝል ላይ ነው፤ አራራዩን ካነሣው ፋኑ ተነቅሎ ራዲያተሩን ይቀደዋል» አሉ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የፋኑን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቢነቀንቁት እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ። ሁላችንም አየነው። የቀረው «ኩሽኔታው አልቋል» ብሎ መገላገል ብቻ ነበር።

የኔታ ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፥ ሾፌሩን ከአግዳሚው ላይ አስቀምጠው፥ እሳቸውም ከጎኑ ተቀምጠው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ልጄ፥ ካንተ ዘንድ ስንት ዘመን ቆየ?»

«ከገዛነው ጀምሮ አልተነካም፥ የኔታ።»

«ብዙ ለፍቷል በለኛ። አንድም ግራሶው ደርቆበት ነው፤ አንድም ቺንጋው ከልኩ በላይ ተወጥሮበት ነው፤ አንድም ውሃና አቧራ ገብቶበት ነው፤ አንድም ዘመኑ ደርሶ ነው። መቼም ፍጡር ሁሉ ኃላፊ ነው።»

«አይድንም ማለትዎ ነው?»

«ደክሟል፥ ልጄ። እጅግ ደክሟል። እንግዲህ እናንተ መጽናት ነው።»

ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤቴ፥ ደሴ ላይ የታመመ ወንድማቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ባልቴት ናቸው። በመስኮቱ የደረሳቸው የመጨረሻው ቃል ብቻ ስለ ነበረ፥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ «ወንድሜን! ተደብቆብኝ ነው እንጂ ጠርጥሬ ነበር!» ብለው ጮኹ። የኔታም የሐዘንተኛ ድምፅ ሲሰሙ፥ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ስለሚሆንባቸው፥ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ያጽናዎ፥ እናቴ፤ ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚህ ወዲያ ማን ያረጋጋቸው! ሁለት ቆሎ ሻጮች ሰፌዳቸውን መሬት አስቀምጠው ልቅሶውን ተቀላቀሉ። ሾፌሩ በጭንቀት «እማማ፥ ኧረ ኩሽኔታ ነው! የሞተው ኩሽኔታ ነው!» ቢላቸው፥ እንባቸውን ሳያብሱ ዘወር ብለው፥

«ኩሽኔታ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉት።

ስልክ ተደውሎ፥ በሽተኛው ራሱ ከእንቅልፉ በመቀስቀሱ ተቆጥቶ እስኪናገራቸው ድረስ አላመኑንም።

መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ባለቤቱም በዚያ ሰዓት ከደጃፉ የቆመውን ሰው ብዛት ሲያይ ገና አንድ ቃል ሳይነገረው ሁሉን ያውቀዋል። ባሕር የተሻገሩትም ሥርዓቱን ይዘውት ሄደዋል፤ ዋሽንግተን ላለ ልጅ የእናቱን ሞት «ፈተናውን ይጨርስ» እያሉ ሰንብተው፥ በስልክ በጠየቀ ቁጥር «ትንሽ አሟት ነበር» እያሉ፥ አንድ ቀን ማለዳ ወዳጆቹ ጥቁር ለብሰው ይመጡበታል። እኔ ይህን ልማድ ስነቅፍ፥ ሰው ሐዘኑን በሰዓቱ የመስማት መብት አለው እያልኩ ስከራከር ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሐኪም፥ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፥ የቅርብ ዘመዴን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ «የሚቀጥለው ይግባ» ባለ ጊዜ፥ ስለ ዝናቡ የሚጠይቀኝ ሰው እንዴት እንደ ናፈቀኝ አልረሳውም። ደግሞስ የደስታ ወሬ ያመጣ «የምሥራች» ሲል «ምሥር ብላ» ተብሎ ይመረቃል፥ ሽልማትም ይጠብቀዋል፤ መርዶ ነጋሪን ግን ማን መርቆት ያውቃል? ምርቃት የሌለውን ሥራ ቢያዘገይ አይፈረድበትም።

ለብረቱ ግን የኔታ ምንም ይሉኝታ የላቸውም። የፋኑ ትልቅ ዳዶ ከሌሎች ዳዶዎች በተቃራኒ ወደ ቀኝ ዞሮ የሚፈታ ነውና ሾፌራችን በልማዱ ወደ ግራ እየታገለ ሲያጠብቀው አይተው፥ ባለ 32ቱን ቺያቬ ከእጁ ነጥቀው በመዶሻ አንድ ጊዜ ቢያቀምሱት ለቀቀ። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የተላከው አዲስ ኩሽኔታ ሲደርስ በጎኑ የተቀረጸው ቁጥር ከአሮጌው ጋር ተመሳከረ፤ ወደ ቤቱም ሲገባ ግፊቱ በውጭው ቀለበት ላይ ብቻ እንዲያርፍ አደረጉ። ትንሹ ተማሪ በመካከለኛው ቀለበት ሊመታው ሲቃጣ፥ «ደደብ! በመሐሉ ከመታኸው ኳሶቹ ይጎዳሉ፥ ዛሬውኑ ሊጮህ!» ብለው ክንዱን ያዙት። ያ ሁሉ ትሕትና ወዴት ሄደ እያልኩ ስገረም፥ ሞተሩ ተነሣ፤ ማጓራቱ የለም።

«የምሥራች!» አሉ የኔታ።

ጎረቤቴ ቂማቸው ገና ስላልበረደ በግማሽ አፍ «ምሥር ይብሉ» አሏቸው።

የሂሳቡ ነገር አይነሣ፤ «የፈቀዳችሁትን» ተብሎ ያልፈቀድነውን ከፈልን። ልንንቀሳቀስ ስንል ያ የተቆጡት ተማሪ አሮጌውን ኩሽኔታ በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ሾፌሩ መስኮት ቀረበ። ከእንጨት ለሚሠራው ጋሪ እግር እንደሚያደርገው ከጓደኞቹ ሰምተናል፤ ሁለት ነበሩት፥ ይህ ሦስተኛው ነው። እጅ ነሣና፥ ስለ ድካማችን ጠየቀ፥ የመንገዱን ጭጋግ አነሣ፥ በሰላም እንድንገባም መረቀን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥

«ጋሼ፥ የፊት እግሩስ ኩሽኔታ እንዴት ነው? ደህና ነው?» አለ።

«እንዳትመልስለት! ንዳ!» አሉ ጎረቤቴ ከኋላ።