ብሯ ግን ብር ነበር

መርካቶ ውስጥ ኮፒ ሰዓት ያለ ክርክር አይሸጥም። ሱቅ በደረቴው ሳጥኑን ደረቱ ላይ አንግቶ፣ ሮሌክሱን ከኦሜጋው፣ ኦሜጋውን ከማስቲካው ጎን ደርድሮ ከራጉኤል ወደ አንዋር ሲወጣና ሲወርድ አፉም አብሮት ይሠራል። ጠይቀው፤ መልስ አያጣም።

«ይሄ ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ኮፒ ነው ጋሼ!»

«ወርቅ ነው ወይስ ቅብ?»

«ወርቅ ነው እንጂ! እኔ ራሴ አስሬዋለሁ፤ ይዩት።»

«አየሁት። የእጅህ አንጓ ግን ለምልሟል። ወርቅ ከመቼ ጀምሮ ነው ቅጠል የሚያወጣው?»

ልጁም ይስቃል፣ ከበው የቆሙትም ይስቃሉ። መዳብ ያለበት ብረት ላብ ሲነካው ቆዳን አረንጓዴ እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ክርክሩ አያልቅም። ኮፒ ሰዓት የሚያስር ሰው ሞኝ አይደለምና ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ለምን እንደገዛም ያውቃል፤ ምክንያቱንም አሳምሮ ይናገራል። እኔም ምላሴን አልሰበስብም።

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ለምን አላምርም?»

ታምራለህ እንጂ። ይህን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ከተማችንን አያውቃትም። የሆቴል ዘበኛ ከፊትህ በፊት እጅህን ያያል። ሽማግሌ ይዘህ የሄድክበት ቤት ቡና ሲቀርብልህ ሲኒውን የተቀበለው እጅ ላይ ዓይን ያርፋል። ሚሊተሪ ተራ ሳምንቱን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ የከረመ ልጅ፣ እሑድ ታጥቦና ተተኩሶ ሲወጣ ክንዱ ላይ አንድ የሚያበራ ነገር ቢፈልግ ምኑ ይገርማል? አንድ ሮሌክስ ሰብማሪነር ከመሸጫው ሲወጣ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በእኛ ገንዘብ ከሚሊዮን ብር ያልፋል። ልጁ ያን ገንዘብ እንደማያገኘው ያውቃል። የመከበር ረሃቡ እውነተኛ ነው፤ እኔም በረሃቡ አልጣላውም። የምጣላው ከምግቡ ጋር ነው። ዘበኛው እጅ ሲነሳ የነሳው ለሰዓቱ ነው፤ ልጁ እዚያው እንደቆመ ሳይታይ ቀረ።

«መርካቶ ሰው በሰዓቱ ነው የሚመዘነው!»

የትኛው መርካቶ? እኔ የማውቀው መርካቶ ውስጥ ባለ ብዙ ሚሊዮኑ ሰውዬ ጃኬቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው። ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚጠይቅህ እሱ ነው፤ አንተ ሮሌክስህን ገልጠህ ትነግረዋለህ፤ እሱ ያመሰግንህና በዚያች ስልኩ አንድ ቃል ተናግሮ አንድ መኪና ሙሉ ዕቃ ያስጭናል። ሰዓቱ ያለው አንተ ጋ ነው፤ ቃሉ የሚታመነው የእሱ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አንድ ልጅ የሰነዘራት ናት።

«ጋሼ፣ አያቶቻችንም በኮፒ ነው የኖሩት! ማርትሬዛ ምን ነበረች?»

ጎበዝ ልጅ ነው፤ እውነቱንም ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ጠገራ ብሯ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ እስከ አያቶቻችን ዘመን ሲመታ ኖረ። ቪየና መታችው። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ መታው። በዓመቱ ለንደንም መታችው። በላዩ ላይ በተጻፈው ዓመት ከሄድን አያቶቻችን ኪስ የገባው አብዛኛው ጠገራ ኮፒ ነው።

አያቶቻችን ግን እንዲሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አልተቀበሉም። በዘውዷ ላይ ያሉትን 7 ነጥቦች ይቆጥራሉ፤ ትከሻዋ ላይ ያለችውን ኮከብ ይፈልጋሉ፤ ከሥር ያሉትን ኤስና ኤፍ ፊደላት ያያሉ። አንዱ ተፍቆ ከጠፋ ብሩን ይመልሱታል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚቀበሉት ደግሞ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ነገር ነበር። ቪየና ይምታው፣ ሮም ይምታው፣ አንጥረኛው ሲያቀልጠው ያው ብር ነው የሚወጣው። ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው፦

«ልክ ነህ፣ ፊቷ ኮፒ ነበር። ብሯ ግን ብር ነበር። ያንተ ሰዓት ጀርባው ሲከፈት ምኑ ነው ሮሌክስ?»

ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደህ አስከፍተው። አብዛኛው ውስጡ ርካሽ የባትሪ ሞተር ነው፤ የሰከንዱ ዘንግ በየሰከንዱ ዘለል ዘለል ይላል። ሮሌክስ ዛሬ የሚሠራው አብዛኛው ሞተር በአንድ ሰዓት 28,800 ጊዜ ስለሚመታ ዘንጉ በሰከንድ 8 ጊዜ ይራመዳል፤ ለዓይን የሚንሸራተት ይመስላል። ይህንንም የሚቀዱ ጎበዞች መጥተዋል፣ አልክድም። ያን ያህል እጃቸው ከተካነ በገዛ ስማቸው ቢሠሩት ምን ነበረበት? ጃፓኖች ሴይኮ ብለው በስማቸው ሠሩና እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቅርበው ስዊዞችን አስደነገጧቸው። ኮፒ ግን ስዊዝን አስደንግጦ አያውቅም።

«ድሮስ እኛ ሰዓቱ የሚለውን መች እናነባለን? እሱ 8 ሲል እኛ 2 እንላለን!»

ጥሩ አድርገህ ተረብከኝ፤ ተቀበል ደግሞ። 8ቱን 2 ብለን የምናነበው አገር ተስማምቶ ነው። አንተም፣ እኔም፣ ሰዓት ሠሪውም እኩል እናነበዋለን፤ ማንም አልተታለለም። የክንድህን ውሸት ግን የምታውቀው ብቻህን ነህ።

«ኦሪጅናሉስ ያው ብረት አይደል? በምን ይበልጣል?»

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶበት ወጣ። በ2017 ተመልሶ ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ለወርቁ ክብደት ያን ያህል የሚከፍል የለም። የተከፈለው ሰዓቱ የማን እጅ ላይ እንደኖረ ስለታወቀ ነው፤ ክርክር ያስነሣውም ይኸው ነው። ያንተን ታሪክ ደግሞ አንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፦ ጓንግዙ ተሠራ፣ በሻንጣ ገባ።

«ስዊዘርላንድ ሀብታም አገር ናት፤ በእኔ ምን ይጎድልባታል?»

አንድ ብር አይጎድልባትም። ኦሪጅናሉን መቼም አትገዛውም ነበርና ያሳጣሃት ገበያ የለም። በዚህ አልከራከርህም። ስለ ስም ግን ልጠይቅህ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር ዓለም የሰማው ሙግት ተነሣ፤ በ2007 በስምምነት አለቀ። ያኔ «ስሙ የገበሬያችን ነው፤ ስም ዋጋ አለው» ብለን ስንጮህ አንድም ሰው «ተዉት፣ ስም ምን ያደርጋል» አላለም። ይርጋጨፌ ላይ ዋጋ ያለው ስም ጄኔቫ ሲደርስ ዋጋውን የሚያጣው በምን ሕግ ነው?

«ያኛው የገበሬ ነው፣ ይሄኛው የከበርቴ!» ይለኛል። እሺ፣ ከበርቴውን እንተወው። ወደ ሸማኔው እንሂድ።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል። ጥለቱን ክር በክር ነው የሚያነሣው። ከአባቱ የተማረውን አበባና መስቀል፣ ራሱ ያወጣውን ቀለም ጨምሮ ጥበብ ያደርገዋል። ፈታይዋ እጅ ላይ የቆየው ድርና ማግ ሳይቆጠር፣ አንድ ጥሩ ቀሚስ ከመወጠር እስከ መቆረጥ ብዙ ቀናት ይፈጃል። ከዚያ አንድ ሰው የዚያን ቀሚስ ፎቶ ይዞ ቻይና ይሄዳል። ማሽኑ ጥለቱን ጨርቅ ላይ ያትመዋል፤ ጨርቁ በጣቃ ተጠቅልሎ በኮንቴይነር ይገባል፤ መርካቶ ላይ «የሐበሻ ቀሚስ» ተብሎ ይሸጣል። ከሩቅ አይለይም፤ በሠርግ ፎቶ ላይ ጭራሽ አይለይም። ሸማኔው በዚያ ዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ጉድጓዱን ትቶ የቀን ሥራ የሚፈልግ ሸማኔ ሲያጋጥምህ ምክንያቱን አትጠይቀው፤ ሱቁ መስኮት ላይ ተሰቅሎልሃል።

ይህን ሲሰማ ባለ ኮፒ ሰዓቱም አብሮኝ ይቆጣል። «ይሄማ ሌብነት ነው!» ይላል፣ እጁን እያወዛወዘ። ባወዛወዘ ቁጥር ክንዱ ላይ ያለው ያብረቀርቃል።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትፈርድልን?»

የሸማኔውን ጥለት ያተመ ማሽንና የሮሌክስን ዘውድ ያተመ ማሽን ሥራቸው አንድ ነው። ስዊዙ ጠበቃ አለው፣ ፌዴሬሽን አለው፣ አይራብም። የእኛው ሸማኔ ያለው መወርወሪያ ነው። ኮፒ ምንም አይደለም ማለት ስንለምድ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«እኔ አሰርኩ እንጂ አልሸጥኩም፤ ማንን ጎዳሁ?»

እንደ አስተሳሰርህ ነው። መርካቶ ዕቃ በዱቤ የሚወጣበት፣ እቁብ በቃል የሚጣልበት ሰፈር ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሲሰጥህ ፊትህን ያያል፣ ዋስህን ያያል፣ እጅህንም ያያል። ያን ሰዓት አስረህ ዱቤ ከጠየቅክ የሌለህን ሀብት ምስክር አቁመሃል። ለጌጥ ብቻ ካሰርከውና ሲጠይቁህ «ኮፒ ነው» ብለህ የምትመልስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አጠገብህ ያለውን ሰው አልዋሸህም፤ ይህን ያህል ልዩነት አይቼልሃለሁ። ሰው ፊት ያለ ማፈር «ኮፒ ነው» የሚል ግን ስንቱ ነው?

ከዚያም ሰዓቱ አንተ ጋ አይቀርም። ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ፤ የገዛህ ሰውም ይሸጠዋል፤ ዞሮ ዞሮ ጩሉሌ እጅ ይገባል። ጩሉሌው አውቶብስ ተራ አካባቢ ከክፍለ ሀገር የገባ ሰው ጠብቆ «ወንድሜ፣ ቸግሮኝ ነው፤ የወርቅ ሰዓት ነው፤ ማንም ሳያየን» ይለዋል። ሰውዬው የበሬ ዋጋ አውጥቶ ይገዛል።

«በርካሽ ወርቅ ሊያገኝ ጎምጅቶ አይደል? ይበለው!»

ጎምጅቷል፤ ግን ይበለው አልልም። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ የገዛው ጥፍጥፍ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ሲመረመር ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተመልሷል። ሚዛንና ባለሙያ ያለው ባንክ ከተሸወደ፣ በሬውን ሸጦ የመጣ ገበሬ በምን ዓይኑ ይለየው?

«ታዲያ ሕግ የለም?»

አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መብቱን ሆነ ብሎ ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ግን የሚሮጠው ሱቅ በደረቴው ነው፤ ሳጥኑ የሚገለበጠው፣ ሰዓቱ አስፋልት ላይ የሚበተነው የእሱ ነው። እኔ ከልጁ ጋር አፍ እካፈታለሁ እንጂ እንዲታሰር አልሻም፤ የዕለት ጉርሱ ነው የሚያሯሩጠው። አዋጁ ክንድ ካለው በካርቶን የሚያስገባውን ይያዝ።

«እሺ፣ ምን ልሰር? ባዶ እጄን ልሂድ?»

ለኮፒው ባወጣኸው ገንዘብ ስሙን የማይዋሽ ካሲዮ ታገኛለህ። ትንሽ ከጨመርክ ደግሞ ሰዓት ሠሪዎቹ ጋ የቆየ ሴይኮ ፋይቭ አይጠፋም፤ ባትሪ አይፈልግም፣ እጅህ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል። «ሴይኮ የሽማግሌ ነው» ብለው ከተረቡህ፣ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲገባ ሰዓቱን የያዘለት ሴይኮ ነበር በላቸው። ሴይኮም ይቀዳል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን አስከፍት፣ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ራስህ አንብብ፣ ካላሳመነህም ወደሚቀጥለው ሰዓት ሠሪ ተሻገር።