97 በመቶ ወርዶ አንዲት ሰከንድ አይታይም

ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ሊነጋጋ ሲል መብራት ሲሄድ የሚሰማውን ንዴት ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ዝናቡ በሦስት ወር የሚያልቅ ክረምት አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል። ነፋስ ዛፍ ሲጥል የመብራት ሽቦው አብሮ ይበጠሳል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ኔትወርኩም ተከትሎ ይደክማል። የቀን ጥቅል ስለሚወደድ ትልቅ ፋይል የሚወርደው በሌሊት ጥቅል ነው፤ እሱም ጎህ ሲቀድ ያበቃል። ፋይሉን ብታዩት 97 በመቶ ላይ ቆሟል።

ያን ያህል ከወረደማ የቀረው ቢቀር ምን ይጎዳል? ሠርግ ከሆነ የመጨረሻው ጭፈራ ይቅርብን፣ ሙሽሮቹን አይተናል። እንዲያ ቢሆን ማን ያማርር ነበር? ፋይሉ ሲነካ ግን ጥቁር ስክሪን ነው፤ «መክፈት አልተቻለም» ይላል፣ በቃ።

ምክንያቱን ማወቅ ንዴቱን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ኤምፒ4 የሚባለው የፋይል ዓይነት ምስሉንና ድምፁን በአንድ ወገን፣ የቱ ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ደግሞ ለብቻው ያስቀምጣል። ባለሙያዎች ማውጫውን ሙቭ አቶም ይሉታል። ስልክም ሆነ ካሜራ ሲቀርጽ ቪዲዮው ምን ያህል እንደሚረዝም አስቀድሞ ስለማያውቅ ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ካበቃ በኋላ፣ ፋይሉ ጭራ ላይ ነው። ብዙ የኤዲቲንግ ፕሮግራምም ካልታዘዘ በቀር እዚያው ይተወዋል። እና ከጭፈራው ጋር የቀረው ማውጫው ነው። ምስሉ ስልካችን ውስጥ አለ፣ ቦታም ይዟል፤ ማጫወቻው ግን አንዱ ምስል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚነግረው የለም።

የሚያንገበግበው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። ማውጫውን ከጭራ አንስቶ ፊት ማድረግ ይቻላል። በኤፍኤፍኤምፔግ «ፋስትስታርት» የምትባል አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች፤ የምስሉም ጥራት አይነካም። ሃንድብሬክ ላይማ ምልክት የሚደረግባት ሳጥን ናት። ማውጫው ፊት ካለ 97 በመቶ የወረደ ቪዲዮ 97 በመቶ ያህሉን ያሳያል። ሳጥኗን መንካት የሚችለው ላኪው ነው፤ ባለመንካቱ የሚቀጣው ግን ተቀባዩ።

አንድ ጎረቤቴ አዛውንት ያረጀ ቡናቸውን ሊጎነድሉ አስበው፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የጉንደላ ሥልጠና ቪዲዮ ሊንክ ላከላቸው። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ገንዘቤን በልቶ ዝም አለ፤ እስቲ እየው» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ክሮም ላልጨረሰው ፋይል ስም ጫፍ ላይ የሚለጥፋትን «ሲአርዳውንሎድ» አጥፍቼ ኤምፒ4 ብዬ ሰየምኩትና በቪኤልሲ ከፈትኩት። በለስ ቀናን፤ ማውጫው ፊት ነበር። ያረጀው ግንድ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ በሰያፍ ሲቆረጥ አየን። ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚነሳ አሠልጣኙ ሊናገር ሲል ቪዲዮው ቆመ። የተጎነደለ ቡና እንደገና እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። አባባም ግማሽ ትምህርት ይዘው መጋዝ አላነሡም፤ ልክ ናቸው።

ከቆመበት መቀጠልስ? ከአንድ ፋይል የጎደለውን ክፍል ብቻ ጠይቆ መቀበል በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ውስጥ ተደንግጓል። ዛሬም ግን አንዳንዱ ሰርቨር ከፊል ጥያቄ አልቀበልም ይላል፤ «ቀጥል» ሲባል ከዜሮ ይጀምራል። ወይም ሊንኩ ጊዜው ያልፍበታል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ የተቋረጠ ጊዜ በግማሽ የቀረው ሁሉ፣ ከሳምንታት በኋላ አገልግሎቱ ሲመለስ ሊንኩ ሞቶ ነበር የጠበቀን።

ፋይሉን ከፋፍለው በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ የሚያወርዱ ዳውንሎድ ማኔጀሮች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጭራው ቀድሞ ስለሚመጣ ማውጫው ይገኝ ይሆናል፤ መሃል መሃሉ ግን ባዶ ነው። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ትታይና ምስሉ ተሰነጣጥቆ አረንጓዴ ይሆናል፤ ድምፁ የሌላ ሰዓት ይመጣል።

አንትራንክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አሠራር የተዘጋጀ ጤነኛ ቪዲዮ በናሙናነት ሲሰጠው የጠፋውን ማውጫ መልሶ ለመሥራት ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ናሙናውን ለምኖ ማስላክ ይጠይቃል። ናሙናውም የሚወርደው በዚያው ኔትወርክ ነው! ስለዚህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃል፤ በሹፌር እጅ የተላከ ፍላሽ እኮ ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለተማሪ ልጆቻችን ሌክቸር የምትልኩ መምህራን፣ ሠርግ የምትቀርጹ ወንድሞችና እኅቶች፤ ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል ብላችሁ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ በአንድ ፋይል አትላኩብን። አሥር አሥር ደቂቃ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ማውጫውን ፊት አድርጉት፣ የእያንዳንዱን ክፍል መጠን ጻፉበት። ሊንክ ከሆነም ቢያንስ ወር ይቆይልን። በየትኛው ሌሊት ስንቱን እንደምናወርድ እኛ እናውቃለን።