ፋሻ የታሰረለት ፍላሽ

የሰርግ ፎቶ አንሺ በዘመድ አዝማድ ፊት የሚከበረው በካሜራው ግዝፈት ነው። ሌንሱ ረዘም ካለ «ባለሙያ ነው» ይባላል፤ ሁለት ካሜራ ካንጠለጠለማ ክትፎው ለእሱ ቀድሞ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ክብር ግን ፍላሹ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ፕላስቲክ አድርጎ በብር ማሰሪያ ላስቲክ ሲጠፍረው በአንዴ ይተናል። የሙሽሪት እናት ቀስ ብለው ይጠጉና «ምነው ልጄ፣ አመመው እንዴ? ፋሻ አሰርክለት» ይላሉ። አጎትየው ለማዘን ጊዜ የላቸውም። ቀብዱን የከፈሉት እሳቸው ናቸውና የመጡት ለምርመራ ነው።

«ይሄ የከረሜላ ልጣጭ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ዓይንዎ ደህና ነው ጋሼ። ጄል ይባላል።»

«ጄልማ ለፀጉር ነው!»

ከዚህ በኋላ ያለውን ማብራሪያ ለእሳቸው አልሰጥም፤ ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው። እዚህ ግን ጊዜ አለን።

የፍላሽ ብርሃን ከቀትር ፀሐይ ጋር ይቀራረባል፤ በልኬት 5500 ኬልቪን አካባቢ ነው። አዳራሹ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ቢጫ አምፖል ደግሞ ከ2800 እስከ 3200 ባለው መካከል ይገኛል። ልኬቱ ተንኮለኛ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዝቅ ባለ መጠን ወደ ቢጫና ቀይ። በቁጥር ትኩስ የሆነው በዓይን ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ይህን ለአጎትየው ማስረዳት ቀብድ ያስመልሳል።

ዓይናችን ልዩነቱን ልብ አይልም። አእምሮ ቸር ነውና ቢጫ መብራት ስር ያለውን ነጠላ «ነጭ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ካሜራ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ለፍላሹ ካስተካከልከው ሙሽሮቹ ደህና ይሆኑና ከኋላ የተቀመጠው እድምተኛ በሙሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለአምፖሉ ካስተካከልከው ደግሞ እድምተኛው አምሮበት ሙሽሪት ሰማያዊ ትሆናለች፤ በሰርጓ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ወጪ፣ ብርድ ብርድ እንዳላት በአልበም ትቀመጣለች። ብርቱካናማው ፕላስቲክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹን የአምፖሉን ቀለም ያለብሰዋል፤ ከዚያ ካሜራው ለአንድ ቀለም ብቻ ይስተካከልና ነጠላው ከፊትም ከኋላም ነጠላ ይሆናል። ጄሉ ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም አያየውም። ምስጋና ያላገኘውም ለዚህ ነው።

መብራት ከጠፋ ጨዋታው ይለወጣል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ (ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ወጣ ብሏል፤ ሁልጊዜ ወጣ ብሏል) ጠረጴዛው ላይ ሻማ ይደረደራል። ሻማ 1900 ኬልቪን ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ብርቱካናማ ጄል ፍላሹን ከ5500 ወደ 2900 ገደማ ያወርደዋል፤ ከሻማው አጠገብ ግን አሁንም ባዕድ ነው። ሁለተኛ ሲደረብበት 2000 አካባቢ ይደርስና ከሻማው ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው 2600 አውርዶ ሁለተኛው 900 ብቻ ማውረዱ የለገመ ያስመስለዋል፤ ሒሳቡ የሚሠራው በኬልቪኑ ግልባጭ ስለሆነ ግን ሁለቱም እኩል ለፍተዋል። ደግሞ በነፃ አይሠሩም፤ እያንዳንዱ ከፍላሹ ጉልበት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይበላል። ሆኖም በዚያ ጨለማ የተነሳ ፎቶ፣ የአማች እናት ፊት በሻማ ወርቅ ሆኖ፣ የሙሽሪት ጥለት ከጥላው ብቅ ጥልቅ እያለ፣ ከአልበሙ ሁሉ ቀድሞ የሚወደድ ነው። መብራቱን ላጠፋልን ሁሉ ምስጋናዬ ባለበት ይድረሰው።

ቀንደኛ ባላንጣዬ ዲጄው ነው። አምፖል ቢጫ ነው፣ ሻማ ቢጫ ነው፣ ሰው ያግባባቸዋል፤ የዲጄ መብራት ግን በየሰከንዱ ሐሳቡን ይቀይራል። ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ በተለይ ክፉ ነው። ካሜራ ቀለም የሚያነበው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍሎ ነው፤ ይሄ መብራት አንዱን አጥለቅልቆ ሁለቱን ባዶ ስለሚያስቀር አፍንጫና ጉንጭ ድንበራቸው ይጠፋል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው «እንደ አብርሃምና ሳራ ያድርጋችሁ» ሲሉ በፎቶው ላይ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ግማሾቹ ሐምራዊ ናቸው፤ የልጅ ልጅ ሲያየው ማን ምን ሆኖ እንደመረቀ ግራ ይገባዋል። ለዲጄ የሚሆን ጄል አልተፈበረከም። ያለው መፍትሔ ልመና ነው።

«ወንድሜ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ብቻ ነጭ አድርግልኝ።»

«ሙድ ይበላሻል ብሮ።»

ፕላስቲክ ባሰርን በእኛ ይሳቃል እንጂ ከተማው ራሱ ጄል ስር ነው የሚውለው። ሰማያዊ ሸራ ወጥሮ ምሳ የሚሸጥበት ቤት ግቡና ሰሃኑን ተመልከቱ፦ ቀይ ወጡ ጠቁሯል፣ አይቡ ሰማይ መስሏል፣ በላተኛው ግን ዓይኑ ስለለመደ ያለ ጥርጣሬ ይጎርሳል። ባለቀይና ባለቢጫ ዝንጉርጉር ድንኳን ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ቀለም ይወጣሉ። እዚያ ምንም ብታስር ከንቱ ነው፤ እያባበሉ ወደ ዛፍ ጥላ ማውጣት ይሻላል። በዚህ ሙያ የከተማው አለቃ የሆነው ሥራ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። አዳራሹ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ መስኮቱ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፍላሹ ፀሐይ ናት። «ምነው፣ ፋሻ አሰርክላት?» ብሎ ሎሬቱን የጠየቀ ግን ያለ አይመስለኝም።

የሰው መልክ ላይ ሲደረስ ቀልዱ ይቀንሳል። አልበም ሊረከቡ የሚመጡ ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚያዩት ሳቁን ሳይሆን ቀለሙን ነው። «ልጄን አጠቆርካት» የምትል እናት አለች፤ «እኔ እኮ ጠይም ነኝ፣ ምነው አፈካኸኝ» የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እያልን ሰፈሩ ሁሉ ተስማምቶ ያጸደቀው መልክ አለን። አምፖል ስር ጠይም የሆነችው ግን ጥላ ስር ሌላ ናት፣ ሸራ ስር ደግሞ ሌላ። እኔ ከቤት ውጭ ሳሳ ያለውን፣ ሩብ ብርቱካናማ የሚባለውን ጄል አስራለሁ፤ ለፊት ትንሽ ሙቀት ይሰጠዋል፣ ማንንም ከሰፈሩ ውሳኔ አያስወጣም።

ፊልሙም ቢሆን ድሮ ገለልተኛ አልነበረም። የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ላቦራቶሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ቀለም ያስተካከሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ፣ በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። እሷ ካማረባት ሁሉም አማረበት ይባል ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ቡናማን በወጉ እንዲያነብ ከወተወቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ለእኛ ፊት ሳይሆን ለቁም ሳጥን ሲባል! ቁም ሳጥኑ ባይሟገትልን የአያቶቻችን የቀለም ፎቶ ምን ሊመስል እንደነበር እንጃ።

ብርቱካናማው ግን መደበቅ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። አመሻሽ ላይ እንጦጦ ውጡ፤ ሰማዩ ግራጫ፣ ደመናው የማይረባ፣ ሙሽራው የደከመው። ካሜራውን ለአምፖል አስተካክሉና ፍላሹን ሙሉ ብርቱካናማ አልብሳችሁ ሙሽሮቹ ላይ ብቻ አብሩ። ፍላሹ የነካው ሁሉ መደበኛ ቀለሙን ይዞ ይወጣል፤ ያልነካው ዓለም በሙሉ፣ ያ የማይረባ ደመና ጭምር፣ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ኮምፒውተር አልነካውም፣ የተከፈለው ዋጋም አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ናት። ሚዜዎቹ ግን ስክሪኑን አይተው «ፎቶሾፕ ነው» ይላሉ፤ ገና ካሜራው ውስጥ እያለ!

ወጣቱ ደግሞ ይሄን ሁሉ ድብብቆሽ አይፈልግም። ስቱዲዮ የሚመጣው ስልኩ ላይ የሙዚቃ ክሊፕ ይዞ ነው፤ በግራ ቀይ፣ በቀኝ ሰማያዊ። እኔም ደስ ይለኛል። ጠይም ፊት ላይ ቀለም ያምርበታል፤ ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ይቀመጣል። ምስጢሩ ብርሃን አለማብዛት ነው፤ ከበዛ ቀለሙ ይነጣል፣ ከቀነሰ ይጠልቃል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከመጣ ግን ወዮለት፤ ሸሚዙ ያገኘውን ሁሉ ይቀበልና ፊቱን ያስረሳል። ጥቁር አስለብሰዋለሁ። ጥልቁ ሰማያዊ ጄል ብርሃኑን አብዛኛውን ውጦ ስለሚያስቀር ፍላሹን እስከ መጨረሻ መክፈት ግድ ነው፤ የዋጠው ደግሞ ሙቀት ይሆንበታል። በተለይ ከአበባ መጠቅለያ የተቆረጠ ሴሎፎን ከሆነ ይጨማደድና ስቱዲዮው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። አንዱ ደንበኛ ሽታውን «ጭስ ማሽን አለህ እንዴ?» ብሎ በአድናቆት ተቀብሎታል።

ፎቶው ግን ሸጋ ሆነ። ልጁ በትልቁ ታትሞለት ሊወስድ ሲመጣ እናቱን አስከትሏል። እትዬ መነጽራቸውን አወጡ፣ ቀዩን ጉንጭ አዩ፣ ሰማያዊውን ጉንጭ አዩ፣ ልጃቸውን አገጩን ይዘው ወደ መስኮቱ አዙረው መረመሩት።

«ማን ነው እንዲህ የደበደበህ?»

«እማዬ፣ መብራት ነው።»

«ይሁን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ለእኔ ሳይደበደብ በፊት የነበረውን አትምልኝ፤ ለሳሎን ነው።»